የሻገተ ድርቆሽና ያበጠ እግር

አንድ እግር ብቻ በድንገት ሲያብጥና ሲጠዘጥዝ እኛ አገር ቶሎ የሚነሳው ስም «ብርድ» ነው። ከዚያ እግሩ ቅቤ ይቀባል፤ ይታሻል። ፈረንጆቹም ቢሆኑ ከእኛ አይሻሉም ነበር። የአራስ እግር ሲያብጥ ወተቷ ወደ እግሯ ወርዶ ነው ብለው «የወተት እግር» ይሉት ነበር። መድኃኒቱም አልጋ ላይ መተኛት ነበር።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርሾ ምስጢሩን ፈታው። ሳንባ ውስጥ ገብቶ የሚገድለው የረጋ ደም ከእግር የደም ሥር ተቆርሶ የሄደ መሆኑን አስረዳ። እንዲህ ያለ እግር የማይታሸውም ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ ደግሞ ከበረት ተገኘ ቢባል ማን ያምናል? እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የሻገተ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልረጋ እያለ ያልቁ ጀመር። ተክሉ የእኛው ማገጥ ዘመድ ነው። በ1933 አንድ የዊስኮንሲን ገበሬ የሞተች ጊደሩንና በወተት ዕቃ የሞላ ያልረጋ ደሟን ይዞ፣ በበረዶ ውሽንፍር ተጉዞ ካርል ሊንክ ቤተ ሙከራ ደረሰ። የሊንክ ቡድን የጀመረው ምርምር ዋርፋሪንን ወለደ። በ1948 የአይጥ መርዝ ሆኖ ገበያ ወጣ፤ በ1954 ለሰው ተፈቀደ።

በ1960 ደግሞ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ሕክምና እንግሊዝ ውስጥ ተፈተነ። የረጋ ደም ሳንባቸው ከገባ ሕሙማን መካከል ሕክምናውን ካላገኙት 19 ሰዎች 5ቱ በዚያው በሽታ ሞቱ። ካገኙት 16 ግን አንድም ሰው በእሱ አልሞተም።

ልብ እንበል፤ መድኃኒቱ የረጋውን ደም አያቀልጠውም። እንዳይጨምር ያግደዋል፤ ማቅለጡ የሰውነት ሥራ ነው። ስለዚህ ሕክምናው ቢያንስ 3 ወር ይፈልጋል። እብጠቱና ሕመሙ ከዚያም በኋላ ሊቆይ ይችላል። አልጋው ግን ተሽሯል፤ ዛሬ ሐኪም አብዛኛውን ታካሚ ተነስተህ ተራመድ ነው የሚለው።

ችግሩ ዋርፋሪን በየጊዜው የደም ምርመራ መፈለጉ ነው። ሲያንስ ደም ይረጋል፤ ሲበዛ ደም ይፈሳል፤ ጎመን እንኳ ሲበዛና ሲቀነስ ልኩን ያዛባዋል። ለአዲስ አበባ ልጅ ምርመራው የታክሲ መንገድ ነው። ለአምደወርቅ ሰው ግን ምርመራ ፍለጋ ሰቆጣ ድረስ በየጊዜው መመላለስ ሊሆን ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያለ ቋሚ የደም ምርመራ የሚዋጡ አዳዲስ ክኒኖችን ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገባ። እሰየው! ይሁንና ለምታጠባ እናት አይመከሩም። «የወተት እግር» የተባለላት አራስ ዛሬም የምትጠብቀው መርፌውን ወይም ያንኑ ከድርቆሽ የተገኘ ክኒን ነው። ታዲያ ደሟን ለማስለካት የስንት ቀን መንገድ ትሂድ? ምርመራው ወደ አምደወርቅ ቢሄድላት አይቀልም ትላላችሁ?