እርሾና ዝቃጭ

ኮልፌ ያደገ ሰው መኪናውን ያውቀዋል። ሽንት ቤት የሚመጠው ቦቴ ገና ከአስፋልቱ ወደ ሰፈር ሲታጠፍ መስኮት ይዘጋል፤ ልጅ አፍንጫውን ይይዛል። ጉድጓዱን መጦ ሲሄድ ሁላችንም "ተገላገልን!" እንላለን። የት እንደሚደፋው የጠየቀ ሰው ግን አላጋጠመኝም። ለብዙ ዓመታት ጉዞው ከተማዋን አቋርጦ ወደ ኮተቤ ወይም ወደ ቃሊቲ ነበር። እዚያ ዝቃጩ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል።

የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ ግን "ዝቃጩን አትድፉት" የሚሉ ሰዎች ተነሱ። ኤድዋርድ አርደርንና ዊልያም ሎኬት ይባላሉ፤ አገራቸው እንግሊዝ፣ ከተማቸው ማንቸስተር። የከተማውን ፍሳሽ በጠርሙስ አድርገው አየር ነፉበት። ሙሉ ለሙሉ እስኪጣራ አምስት ሳምንት ያህል ፈጀ። ከዚያ የጠራውን ውሃ ብቻ ቀድተው፣ ከሥር የዘቀጠውን ትተው፣ በላዩ አዲስ ፍሳሽ ጨመሩ። ይህንኑ ሲደጋግሙት አምስቱ ሳምንት ከአንድ ቀን በታች ወረደ! ውጤቱን በ1914 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረጉ።

እናቶቻችን ይህን ነገር ያውቁታል፤ እርሾ ነው። ከድሮው ሊጥ የተረፈው አዲሱን ያቦካዋል። ፍሳሹንም የሚያጣራው ዝቃጩ ውስጥ ያለው ረቂቅ ሕይወት ነው።

እርሾ ደግሞ አያያዝ ይፈልጋል። አየር ሲያንሰው ወይም ምግቡ ሲዛባ ክር መሰል ባክቴሪያዎች ይበዙና ዝቃጩ እንደ ጥጥ ተነፍቶ አልዘቅጥም ይላል። ከመጠን በላይ ሲያረጅም ይበታተናል። በሁለቱም መንገድ ከተጣራው ውሃ ጋር ሾልኮ ይወጣል።

ወደ ቃሊቲ እንመለስ። በደርግ ዘመን የተሠሩት ኩሬዎች አቅማቸው በቀን 7,500 ሜትር ኩብ ነበር። የተተካው አዲሱ ጣቢያ 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ነው የተሠራው። እዚህ የመጀመሪያው ሥራ የሚሠራው አየር በሌለበት ገንዳ ነው፤ ዘዴውን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ሆላንዳዊው ሌቲንጋ አዳበረው። የዚህ እርሾ ጠላት ብርድ ነው፤ ሲበርደው ሥራው ይዘገያል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነች።

ጣቢያ ሲመረቅ ሪባን ሲቆረጥ እናያለን። ጠዋት ማታ ዝቃጩን በብርጭቆ ቀድቶ "ዘቀጠ ወይስ አልዘቀጠም?" የሚለውን ሠራተኛ ግን አናየውም። እሱ ከዘነጋ ቆሻሻው የሚገባው አቃቂ ወንዝ ነው። በወንዙ ዳር የሚበቅለው ሰላጣና ጎመን ደግሞ ገበያ ይወጣል፤ ኮልፌም ይመጣል።

"ተገላገልን" ያልነው ለካ ተመልሶ ይመጣል።