ብርቱካን ለምታህል ራስ የሚሆን ኮፍያ

ይሄ ረዘም ያለ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ታኅሣሥ የእህቴ ልጅ ቀኗ ሳይደርስ ወለደች። እኛ ቤተሰቦቿ የአራስ ቤት ዕቃ ሁሉ ተሸክመን ነው የሄድነው፦ የገንፎ ዱቄት፣ ቅቤ፣ ፔርሙዝ፣ ጋቢ ሳይቀር። ነርሷ ብቅ አለችና «እማማ፣ ኮፍያ ይዛችኋል?» አለችኝ። ኮፍያ! ያውም ብርቱካን የምታህል ራስ የሚሸፍን ኮፍያ ማን አስቦ? ደጅ ያሉት ሱቆች ጋ ጠየቅሁ፤ ትንሹ የተባለው እንኳ ልጅቷን እስከ አገጯ የሚውጣት ሆነ።

ልደታ ኮንዶሚኒየም እኔ ካለሁበት አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው ለሚኖሩት ጎረቤቴ ደወልኩ። እትዬ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ደረጃው አጠገብ ወንበራቸውን አውጥተው፣ ፌስታል ሙሉ ክር እግራቸው ሥር አድርገው የሚውሉ ሴት ናቸው። «ራሷ ምን ያህላል?» አሉኝ። «ብርቱካን።» «ትልቁን ነው ትንሹን?» ብለው ጠየቁ፤ ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር። ለካ መለኪያ እየወሰዱ ነው። ልጃቸው ኮፍያውን ይዞ ሲመጣ ከደወልኩ ሁለት ሰዓት አልሞላም። ቢጫ ነው። ልክክ አለ።

እኔ እንግዲህ ዕድሜዬን በሙሉ ታሪክ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ። ከእኔ ዘንድ የተማራችሁ ታውቃላችሁ፤ ስለ ዘመነ መሳፍንት አስለፍልፌአችኋለሁ፣ ስለ ዓድዋ ሰሌዳ ሞልቼ ጽፌላችኋለሁ። ስለ ኮፍያ ግን አንዲት ቀን ተናግሬ አላውቅም። ያን ሌሊት ከእህቴ ልጅ አጠገብ ቁጭ ብዬ ያቺን ቢጫ ነገር ሳያት፣ ይሄ ሥራ ከየት መጣ ብዬ ማሰብ ጀመርኩ።

መጀመሪያ ስሞቹን እንያቸው፤ ከየት እንደመጡ ራሳቸው ይናገራሉ። ሹራብ የምንለው ቃል የዐረብኛ ነው፤ ግብፅ ሄዳችሁ ሹራብ ብትሉ ካልሲ ነው የሚያመጡላችሁ። ካልሲ ደግሞ የጣሊያንኛ ነው። ኪሮሽ የፈረንሳይኛ ነው፤ እዚያ ትርጉሙ ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። ዳንቴልም እንደዚሁ ከፈረንሳይኛ ነው። ኮፍያ ከዐረብኛ። የራሳችን የሆነው ቆብ ነው፤ እሱም ግዕዙ ቆብዕ ሆኖ ከመነኮሳት ራስ ላይ ቀርቷል። አንድ ሰው ክፉ ቀን ብርድ ሲመታው ከሚለብሳቸው ነገሮች ስንቱ በባሕር እንደመጣ አያችሁ?

ግን ብርዱም ሱፉም እኛ ዘንድ ነበር። የመንዝ ሰው በበግ ፀጉር ባና ሲሠራ፣ በርኖስ ሲለብስ የኖረ ነው። ደጋው ላይ ውርጭ ምን እንደሆነ ለመንዝ ሰው አይነገርም። አዲስ አበባም ብትሆን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ «በጋ ነው» እያልን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የምንንቀጠቀጠው ለዚህ ነው። የፈረንጅ ክረምት ኮፍያ እዚህ በበጋ ሌሊት የሚፈለግ ዕቃ ነው።

ታዲያ የጎደለን ምን ነበር? እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ ያለው የሥራ ክፍፍሉ ላይ ነው። በኛ አገር ወግ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ጥጡን የምትዳምጠው፣ የምታባዝተው፣ እንዝርት ላይ ቁጭ ብላ ወራት የምትፈጀው እሷ ነች። ድውሩ ሲደርስ ግን ለሸማኔ ይሰጣል። ሸማኔው በተራው ይሰደባል። እምዬ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩን፣ ባለ እጁን በሥራው እንዳትሰድቡ ብለው ዐዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል፤ ዐዋጅ የወጣው ስድቡ ስለበዛ መሆኑን ልብ በሉ። ፈታይዋ ግን ጀምራ የጨረሰችው ልብስ አልነበራትም። ጋቢ የሚሆነው ክር ከእጇ ወጥቶ፣ ዋጋ ተከፍሎበት፣ ጋቢ ሆኖ ይመለስላታል።

ኪሮሽና የሹራብ ብረት ሲመጡ የተለወጠው ይሄ ነው። ጉድጓድ አያስፈልግ፣ መቃ አያስፈልግ፣ መወርወሪያ አያስፈልግ። አንድ መንጠቆ ወይም ሁለት ብረት ይዛ፣ ወጥ እየጠበቀች፣ ልጅ እያዘለች፣ አንዲት ሴት ክሩን ልብስ አድርጋ ትጨርሰዋለች። ማን ይለብሰው የሚለውንም ራሷ ትወስናለች። የመማሪያ መጻሕፍቱ ይሄን አይነግሩንም።

በዓለም ላይ ሥራው ከኛው ሰፈር ብዙም ርቆ አይደለም የሚጀምረው። ከግብፅ ምድር የተቆፈሩ፣ 1,600 ዓመት ገደማ የሆናቸው የሱፍ ካልሲዎች አሉ፤ ከነጠላ ጫማ ጋር እንዲሄዱ ጣታቸው ለሁለት የተከፈለ። እነሱ በአንድ መርፌ የተሠሩ ናቸው። እንደዛሬው በብረት የተሠሩት፣ ሰማያዊና ነጭ የጥጥ ካልሲዎች፣ እዚያው ግብፅ ውስጥ በመካከለኛው ዘመን ይገኛሉ። ከዚያ ነው ወደ አውሮፓ የዘለቀው። እንግሊዞች ነገሩን እስከ ሕግ አደረሱት፦ እ.ኤ.አ. በ1571 ከስድስት ዓመት በላይ የሆነ ሰው ሁሉ፣ ከመኳንንቱና ከወይዛዝርቱ በቀር፣ በሰንበትና በበዓል ቀን እዚያው አገር የተሠራ የሱፍ ኮፍያ እንዲያደርግ ታዘዘ፤ ያላደረገ ይቀጣል። ኮፍያ ሠሪዎቹን ከኪሳራ ለማዳን ነበር። ሕዝቡ ግን በሕግ ኮፍያ አልደፋ አለና በ1597 ተሻረ። (የአገር ውስጥ ምርት ይለበስ የሚል ዘመቻ የኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ።)

ኪሮሽማ የረሃብም ታሪክ አለው። አየርላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ ድንቹ በበሽታ ሲያልቅ፣ መነኮሳይያት ገበሬ ሴቶችን ኪሮሽ አስተማሩ። ዳንቴሉ ለባለጠጎች ይሸጥና በገንዘቡ እህል ይገዛል። በዚያ ዳንቴል ስንት ቤተሰብ ከሞት ተርፏል። እኛ ሶፋ ላይ የምናነጥፈው ነገር እንግዲህ ይሄ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ለሥራው መንገድ የከፈቱት የሚስዮንና የሴት ልጆች ትምህርት ቤቶች ናቸው። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት በ1923 ዓ.ም. ሲከፈት ለሴት ልጅ ዘመናዊ ትምህርት መስጠት ራሱ ትልቅ ክርክር ነበር። በነዚህ ትምህርት ቤቶች «የእጅ ሥራ» የሚባል ክፍለ ጊዜ ነበር፤ በኋላም «ባልትና» ከሚባለው ጋር እስከኛ ዘመን ደረሰ። እውነቱን ልናገርና እኔ አልወደውም ነበር። ወንዶቹ ሌላ ነገር ሲማሩ እኛ መርፌ ይዘን መቀመጣችን ያበሳጨኝ ነበር፤ ዛሬም ያ ብስጭት ትክክል ነበር እላለሁ። ሴት ልጅን ለቤት ብቻ ለማዘጋጀት የታሰበ ነበርና። ያም ሆኖ እትዬን የመሳሰሉ ስንት እናቶች ባል ሲሞት፣ ደሞዝ ሲቋረጥ፣ በዚያው መርፌ ልጆች አሳድገዋል። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ይዤ ሌላውን መጣል አልቻልኩም።

አሁን ከበረንዳዬ ላሳያችሁ። ከልደታ ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ጦር ኃይሎች አለ። ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው በፊት የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ነበር። ልዕልት ፀሐይ የጣሊያን ወረራ ሲመጣ ከአዲስ አበባ ሴቶች ጋር ለግንባር የሚሆን ፋሻና ልብስ፣ በኋላም የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭምብል ሲሰፋ አብረው የሠሩ ናቸው። በስደት ለንደን ሳሉ ነርስነት ተማሩ፣ የሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ ሠሩ። አገር ነፃ ወጥቶ ከተመለሱ በኋላ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም.፣ በ22 ዓመታቸው ነቀምት ላይ ከወሊድ ጋር በተያያዘ ችግር ዐረፉ። የንጉሥ ልጅና ነርስ መሆን እንኳ አላዳናቸውም። ለመታሰቢያቸው ሆስፒታል ይሠራ ብለው እንግሊዝ አገር ገንዘብ ሲያሰባስቡ የነበሩት ሲልቪያ ፓንክረስት ናቸው።

በ1951 ዓ.ም. ወደዚሁ ሆስፒታል ሁለት ሐኪሞች ከአውስትራሊያ መጡ፤ ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ። የመጡት አዋላጅ ነርሶችን ለማሠልጠን ነበር። ምጥ ቀናት ፈጅቶባቸው ልጃቸው ሞቶ፣ በፊስቱላ ሽንታቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው፣ ከሰው ተገልለው የሚመጡትን ሴቶች ሲያዩ ግን ዕድሜያቸውን በሙሉ እዚሁ ቀሩ። በ1960ዎቹ ማብቂያ የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን አቋቋሙ። ዶክተር ካትሪን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በ96 ዓመታቸው እዚሁ ከተማ ዐረፉ።

የሆስፒታሉን ፎቶ ወይም ፊልም ያየ ሰው አንድ ነገር ያስታውሳል፦ ቀለሙን። ታካሚዎቹ ትከሻቸው ላይ የሚደርቡት፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ፣ በአራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን ተሠርቶ የተጋጠመ የሹራብ ክር ልብስ ነው። እሱን በእጃቸው እየሠሩ የሚልኩት በውጭ አገር ያሉ፣ ኢትዮጵያን አይተው የማያውቁ ሴቶች ናቸው። ሽታሽ ይረብሸናል ተብላ ከሰው ተለይታ የቆየች ልጅ፣ የማታውቃት ሴት ለሷ ብላ ቁጭ ብላ የሠራችውን ነገር ትከሻዋ ላይ ይደረብላታል። እኔ ይሄን ሳስብ «ኪሮሽ የሥራ ፈት ሥራ ነው» ያልኩበትን ጊዜ አፍርበታለሁ።

ከበረንዳዬ ወደ ምሥራቅ ደግሞ ጥቁር አንበሳ ነው። እዚህ ነው የነርሷ ጥያቄ የገባኝ። ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን ሙቀቱን መጠበቅ አይችልም፤ ሥቡ ገና አልደረሰም፣ ራሱም ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ኮሎምቢያ ቦጎታ ላይ፣ የማሞቂያ ማሽን ባነሰበት ሆስፒታል፣ ዶክተር ኤድጋር ሬይ ሕፃኑን ከእናቱ ደረት ጋር ቆዳ ለቆዳ አጣብቆ ማቆየት ጀመሩ። ዛሬ የካንጋሮ እንክብካቤ ይባላል። ሕፃኑ የሚለብሰው ሦስት ነገር ነው፦ ዳይፐር፣ ካልሲ፣ ኮፍያ። የቀረውን የእናት ገላ ያሞቀዋል። የኛው ዶክተር ቦጋለ ወርቁና የሥራ ባልደረባቸው እዚሁ አዲስ አበባ ሕፃናቱን በሁለት ወገን ከፍለው መረመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ቶሎ እናታቸው ደረት ላይ ከተደረጉት መካከል የሞቱት በተለመደው መንገድ ከተያዙት ያነሱ ሆነው ተገኙ። በእርግጥ ያዳናቸው ኮፍያው ብቻውን አይደለም፣ የእናት ገላ ነው። ኮፍያው ግን ከዚያ የማይለይ ነው፤ ለዚያ ነው ነርሷ ገንፎውን ትታ እሱን የጠየቀችኝ።

ከዚያ ወዲህ እትዬ አጠገብ ተቀምጬ እየተማርኩ ነው። ከአናቱ ይጀመራል። በክብ 6 ቀለበት፣ ቀጥሎ 12፣ ቀጥሎ 18፣ በየዙሩ 6 እየጨመሩ መሄድ ነው። ጠፍጣፋው ክብ የራሱን አናት ሲያክል መጨመር ይቆማል፤ ያን ጊዜ ሥራው በራሱ ወደ ታች መታጠፍ ይጀምራል። እኔ መቁጠር እየረሳሁ የመጀመሪያዬ ድስት ማንሻ ሆኖ ቀረ፤ አሁንም ወጥ ቤቴ አለ። ለትልቅ ሰው ወፍራም ክር ከሆነ አንድ ምሽት ይበቃዋል። የአንገት ልብስ ሁለት ምሽት ይወስዳል፣ ምክንያቱም ቀጥ ብሎ መሄድ ነው፣ ሐሳብም አይፈልግ፤ ለግቢያችን የሌሊት ጥበቃ ለገና የሰጠሁት እንደዚያ ነው የተሠራው። ጫፉ ትንሽ ተጣሟል፤ እሱ ግን ሳያወልቀው ነው የሚያነጋው።

ልጅቷ ደግሞ አሁን ጉንጯ ሞልቷል፤ ቢጫው ኮፍያ ጉልበቷ ላይ እንኳ አይገባም። እናቷ አጥባ አስቀምጣዋለች።

እትዬ ቁርጥራጭ ክር አይንቁም። ቤታችሁ የተረፈ ለስላሳ፣ የማይኮሰኩስ ክር ካለ በውስጥ መስመር አናግሩኝ፣ መጥቼ እወስዳለሁ። መማር የምትፈልጉም ከሰዓት በኋላ ደረጃው አጠገብ እንገኛለን። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ትንሽ ብርቱካን ታያላችሁ፤ መለኪያ ነች፣ እንዳትበሏት።