በስቶክ ማንደቪል የተጀመረው ጨዋታ

የሰውነት እንቅስቃሴ ለጤና እንደሚበጅ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን እግሩ ለማይታዘዝለት ሰው እንቅስቃሴ ከመድኃኒትነት አልፎ ተድላና ሐሤት ሊሆን እንደሚችል ዓለም የተረዳው እጅግ ዘግይቶ ነው፤ ይህ ትምህርት በዓለም ሁሉ ከተሰማባቸውም ስፍራዎች ዋነኛው ከለንደን በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ በኤይልስበሪ ከተማ አጠገብ የሚገኘው የስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ነው።

ከዚያ ቀደም ኅብለ ሰረሰሩ በጥይት ወይም በድንገተኛ አደጋ የተጎዳ ሰው በጄሶ ታሽጎ በጀርባው ይጋደም ነበር። ብዙውን ጊዜ የሚገድለውም ጉዳቱ ራሱ ሳይሆን፣ ገላው ከፍራሹ ጋር እየተፋተገ የሚያወጣው የአልጋ ቁስልና በፊኛው የሚያድረው ምርቀዛ ነበር። በወንጌል የተጻፈለት መጻጉዕ 38 ዓመት በአልጋው ላይ ሲቆይ፣ የእነዚህ ሕሙማን አብዛኞቹ ግን ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው ያልፉ ነበር፤ ሐኪሞችም ሞታቸውን እንደ ተቈረጠ ነገር ይቈጥሩት ነበር።

ይህን ፍርድ አልቀበልም ያሉት ሉድቪግ ጉትማን የተባሉ ሐኪም ናቸው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1899 ዓ.ም. በሲሌዥያ ተወልደው (ከዚህ በታች የማነሣቸውም ቀናትና ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው)፣ በብሬስላው ከተማ በነርቭ ሕክምና ስመ ጥር ከሆኑ በኋላ፣ አይሁዳዊ በመሆናቸው ከናዚዎች መከራ ሸሽተው በ1939 ከነቤተ ሰባቸው ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ። የእንግሊዝ መንግሥት በአውሮፓ ምድር ሊደረግ በታሰበው ታላቅ ውጊያ ብዙ ቁስለኛ እንደሚመጣ አስቀድሞ አይቶ እነዚህን ሕሙማን እንዲያክሙ ስለ ጠየቃቸው፣ በየካቲት ወር 1944 በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል በ26 አልጋዎች ሥራቸውን ጀመሩ። ጄሶውን አስወገዱ፤ እያንዳንዱ ሕመምተኛ ቀንም ሌሊትም በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጥ አዘዙ፤ ትእዛዙ መፈጸሙንም ለማየት በእኩለ ሌሊት ሳይታሰቡ ብቅ ይሉ ነበር።

ሞት ከተገታ በኋላ ግን ሌላ ጠላት ተነሣ፤ እርሱም ተስፋ መቍረጥ ነው። ወጣት ወታደር ቁስሉ ድኖለት ሳለ ፊቱን ወደ ግድግዳ መልሶ ይውላል፤ ክንድህን አንሣ፣ ደረትህን ዘርጋ ቢሉትም ትእዛዙን እንደ ግዞት ሥራ ያየዋል። እነዚያው ሕሙማን ናቸው እንግዲህ በተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ሆነው፣ ከዘራቸውን ዘቅዝቀው ይዘው፣ አንዲት ጠፍጣፋ ክብ ነገር እየመቱ ሲሻሙ የታዩት። እኔ ከዶክተር ጉትማን ሥራ ሁሉ አብልጬ የማደንቀው ይህን ጫጫታ ዝም በሉ ብለው አለመገሠጻቸውን ነው፤ ይልቁንም ከሆስፒታሉ የስፖርት አሠልጣኝ ጋር ራሳቸው በወንበር ተቀምጠው ጨዋታውን ሞከሩት፤ ሥርዓትም አበጁለት። ያ ጨዋታ ግጭት ስለ በዛበት ቀርቶ በቅርጫት ኳስ ተተካ፤ ከረንቡላውና ቀስት ውርወራውም ታከሉ።

ቀስት ያለ ምክንያት አልተመረጠም። የሆድና የወገብ ጡንቻው የከዳው ሰው ተቀምጦ ሚዛኑን መጠበቅ ይሳነዋል፤ ሆኖም ከብብት አንሥቶ እስከ ዳሌ የሚወርደው ሰፊው የጀርባ ጡንቻ ትእዛዝ የሚቀበለው ከአንገት አካባቢ በሚወጣ ነርቭ ስለ ሆነ፣ ጉዳቱ ከዚያ በታች ለሆነ ሰው ሳይሞት ይቈያል። ደጋን በተሳበ ቍጥር ይህ ጡንቻ ይበረታል፤ የደከመውንም ወገብ ይደግፋል። ተኳሹ ግን ዓይኑም ልቡም ዒላማው ላይ ነውና ሕክምና ላይ መሆኑን ይረሳዋል። ደግሞም በቀስት ዒላማ ፊት በወንበር የተቀመጠው በእግሩ ከቆመው ጋር በእኩልነት ሊወዳደር ይችላል።

በ1948 ሐምሌ 29 ቀን፣ የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት በዚያው ዕለት፣ 14 ወንዶችና 2 ሴቶች በሆስፒታሉ መስክ ላይ በቀስት ተወዳደሩ። በ1952 ከኔዘርላንድ የመጡ የቀድሞ ወታደሮች ተጨመሩ፤ በ1960 ደግሞ ከ23 አገሮች የመጡ 400 ያህል ተወዳዳሪዎች በሮማ ተሰበሰቡ። በሮማ የተሰጣቸው ማደሪያ ከፍ ባሉ ምሰሶዎች ላይ የተሠራ ስለ ነበር፣ የጣሊያን ወታደሮች ስፖርተኞቹን ከነወንበራቸው ተሸክመው ደረጃ ያወጧቸውና ያወርዷቸው ነበር። ዛሬ ፓራሊምፒክ በሚባለው በዚህ ውድድር አገራችን ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችው በ1968 በቴል አቪቭ ነው።

ሜዳና አዳራሽ የምታሠሩ ወገኖቼ ሆይ፣ ሰው በሸክም እንዳይገባ ከደረጃው ጎን ዘቅዛቃ መወጣጫ ጨምሩ፤ በወንበር የሚውል ቤተ ዘመድ ያላችሁም፣ ሐኪም ያዘዘለትን እንቅስቃሴ ከማስቈጠራችሁ አስቀድሞ የትኛውን ጨዋታ እንደሚወድ ጠይቁት።