ጉልቱ ቀረ፣ ጽዋው ተሻገረ

ጌታ ፊት ያለ እጅ መንሻ አይቀረብም የሚል አገር እግዚአብሔርንም ባዶ እጁን ማመስገን አልወደደም። ስለት የሚያስገባው፣ ዝክር የሚዘክረው፣ ጽዋ የሚያወጣው ሁሉ «ተመስገን» ማለት ብቻውን አልበቃው ብሎ ነው። ይህ ልማድ ከባለቤቱ ጋር ተሰዶ ከሜልበርን መሐል ከተማ በስተ ምዕራብ እስካለው ሰፈር፣ እስከ ትሩጋኒና ድረስ ሄዷል። ትሩጋኒና ትናንት የእርሻ ሜዳ ነበር፤ በ2021 እ.ኤ.አ. በተደረገው ቆጠራ ግን ከ36 ሺህ በላይ ሰው ተገኝቶበታል። ለታቦት የተከለለ መሬት፣ ለደብር የሚገብር ባላገር የለበትም። ልማዱ እንዲህ ባለ ቦታ ሊኖር የቻለው ለምንድን ነው? እኔ የምለው፣ ከጥንትም ሥሩ መሬት ላይ ስላልነበረ ነው።

እርግጥ ታሪካችን አጉልቶ የሚያሳየን የመኳንንቱን ምስጋና ነው። ራስ መኮንን ወደ ዓድዋ ሲዘምቱ ቁልቢ ላይ ለቅዱስ ገብርኤል ተስለው፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ከተገኘው ድል በኋላ ቤተ ክርስቲያኑን እንዳሠሩ ይነገራል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ምእመን እስከ ዛሬ እንደ ጎርፍ ይወርድበታል። ነገሥታቱም ለደብርና ለገዳም ጉልት እየተከሉ አመስግነዋል፤ የጉልቱን ግብር የሚያገባው ግን ገበሬው ነበር። አመስጋኙ ንጉሥ፣ ከፋዩ ባላገር፤ ይህን ዘሎ ማለፍ እውነትን መሸሸግ ይሆናል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ንብረት ሲሆን የቤተ ክርስቲያን መሬትም አብሮ ሄደ። በ1965 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ክርስቲያን ደንብ፣ ቃለ ዓዋዲ፣ ሰበካ ጉባኤን አቋቁሞ፣ ምእመኑ አጥቢያውን በአስተዋጽኦው እንዲይዝ መንገድ ጠርጎ ነበርና ቤተ ክርስቲያን የምትደገፍበት ትከሻ አላጣችም።

የተራውን ሰው ምስጋና ግን አዋጁ አልነካውም፤ ቀድሞም የቆመው በሊጥና በጌሾ ነበር። ጽዋ ማኅበርን እንይ። በየወሩ በቅዱሱ ቀን አባላቱ ከተረኛው ቤት ይሰበሰባሉ፤ ጠላው ተጠምቆ፣ ድፎው ተደፍቶ፣ ንፍሮው ተቀቅሎ ይጠብቃቸዋል። ቄሱ ጸሎት ያደርሳሉ፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ደጅ ላሉ ነዳያን ድርሻቸው ይወጣል። በመጨረሻም በጨርቅ የተሸፈነው ጽዋ ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጠዋል፤ እሱም ተቀብሎ ቤቱ ይወስደዋል፤ «ሙሴ» የሚባለው የማኅበሩ መሪ ተራው እንዳይዛነፍ ይጠብቃል። ጽዋው እዚያ ቤት ወር ሙሉ ተቀምጦ «ተቀብለሃልና ታበላለህ» እያለ ያስታውሳል። የዚህ ሥርዓት ልቡ በበላዔ ሰብእ ታሪክ ውስጥ አለ። 78 ነፍስ የበላው ያ ሰው ለአንድ ለተጠማ ድሃ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሰጠ፤ ነፍሱ ስትመዘን ያቺ ጥርኝ ውኃ ሚዛን ደፋች።

«ስለት ከእግዚአብሔር ጋር መገበያየት ነው፤ ይህን ብታደርግልኝ ያን እሰጥሃለሁ ማለት ምስጋና አይባልም» የሚሉ አሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ግን ቃሉን እንመርምር፤ ስእለት በግዕዝ ልመና ነው፣ ዝክርም መታሰቢያ። ያዕቆብ በቤቴል ሲሳል «ቢሆንልኝ» ብሎ ነበር፤ መጽሐፍ ግን አልነቀፈውም። ገበያ ቢሆን ሻጭና ገዥ ከርክክቡ በኋላ ይለያያሉ፤ ባለ ስለቷ ግን ልጅ ታቅፋ ጃንጥላዋን ካስገባች በኋላም ዓመት ጠብቃ ትመለሳለች። ጥርኝ ውኃም የ78 ነፍስ ዋጋ ሊሆን አይችልም፤ ንግድ ቢሆን ሂሳቡ ከቶ አይገጥምም። «ድግሱ ለታይታ ሆኗል» የሚለው ነቀፋ ነው ይበልጥ የሚያሳስበኝ። የቤት ዕዳ የተሸከመ ስደተኛ ካለፈው ወር ድግስ ላለማነስ ሲል ጽዋው ሸክም ይሆንበታል። ይህን እቀበላለሁ። መድኃኒቱ ግን በራሱ በልማዱ ውስጥ ነው፦ ጽዋው ከባለጸጋም ከድሃም ቤት ሲገባ መጠኑ ያው ነው።

ትሩጋኒና ላይ የጎደለው ሌላ ነው። ደጅ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል የለም። ነዳያን ከሌሉ ድርሻቸው የት ይሂድ? ብዙዎች ገንዘቡን አገር ቤት ይልኩታል፤ በተወለዱበት አጥቢያ ይዘከርላቸዋል፣ ድሃም ይበላበታል። መልካም ነው። ነገር ግን የሚበላውን ሰው ፊት ማየት የሥርዓቱ አንድ አካል ነበር፤ እሱ በባንክ አይላክም። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በ1876 እ.ኤ.አ. ካረፈችው የታዝማኒያ ተወላጅ፣ ከትሩጋኒኒ ነው፤ ወገኖቿ ከምድራቸው ሲነቀሉ ያየች ሴት ናት። እንዲህ ባለ ስም በሚጠራ ምድር ላይ፣ የድፎው የመጀመሪያ ቁራሽ በፎጣ ተጠቅልሎ ዝክር ምን እንደሆነ ለማያውቅ ጎረቤት በአጥር ቢሻገር፣ ያኔ ለደጅ ነዳያን ይወጣ ከነበረው ድርሻ የሚለይበት ምክንያት አይታየኝም።