ፅንስን የመመልከት ጥበብና የእሌኒ አገር እናቶች

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው የሆሳዕና ከተማ ጥንት ዋቸሞ ትባል ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. ማለቂያ ጀምሮ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ሆናለች። በከተማዪቱ በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚያገለግለው ሆስፒታል የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ተብሎ ተሰይሟል። እናቶች ለመውለድ የሚገቡበትን ቤት ልጅ ባልወለዱ ንግሥት ስም መጥራት በመጀመሪያ ሲሰሙት እንግዳ ነገር ይመስላል። ታሪካቸውን ላስተዋለ ግን ስያሜው ተገቢ ሆኖ ይገኛል።

እሌኒ የሐድያው ገራድ የመሐመድ ልጅ ነበሩ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን አግብተው ወደ ቤተ መንግሥት ከገቡ በኋላ ከአብራካቸው የወጣ ልጅ ባይኖራቸውም፣ ዐፄ በእደ ማርያም እንደ ወላጅ እናት አክብረዋቸዋል። በ1508 ዐፄ ልብነ ድንግል ገና በ12 ዓመት ዕድሜ ገደማ ሲነግሡም፣ በሞግዚትነት የመንግሥቱን ሥራ ከመሩት ዋነኛዋ እርሳቸው ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ተብሎ ካልተመለከተ በቀር የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ወደ ማኑኤል የላኩትም እሌኒ ናቸው። እንግዲህ አንዲት ሴት ሳትወልድም የአገር እናት ልትሆን እንደምትችል የሐድያ ምድር ከ500 ዓመት በፊት ምስክር ሰጥታለች።

ይሁን እንጂ ለንግሥቲቱ የተሰጠው ክብር ለተራዪቱ ሴት አልደረሰም። በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ በጎንደርም ሆነ በአዲስ አበባ፣ ልጅ ሲዘገይ የጎረቤት ዓይን የሚያርፈው በሚስቲቱ ላይ ነው። መካን የሚለው ስም የሚለጠፍባት እርሷ ናት፤ ሌላ ሚስት የሚመጣባትም እርሷ ናት። ምክንያቱ ከባልም፣ ከሚስትም፣ ከሁለቱም ሊነሣ እንደሚችል ሳይመረመር ፍርዱ ቀድሞ ይሰጣል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 እንዳስታወቀው፣ ከስድስት አዋቂዎች አንዱ ያህል በሕይወት ዘመኑ የመውለድ ችግር ያጋጥመዋል። ስለዚህ ነገሩ የጥቂቶች ብቻ አይደለም።

ሰዎች እንዲህ ሲፈርዱ የኖሩት በማኅፀን ውስጥ የሚሆነውን የሚያይ ዓይን ስላልነበራቸው ነው። በ1677 የሆላንዱ ሌወንሁክ በራሱ በሠራው ማይክሮስኮፕ የወንድን ዘር ሲንቀሳቀስ ተመለከተ። በ1827 ካርል ኤርንስት ፎን ቤር የአጥቢ እንስሳትን የእናት ዕንቍላል አገኘ። የሰው ዕንቍላል ስፋት የሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ ያህል ነው፤ እርሷን አይቶ ለሕክምና ለማዋል ደግሞ ሌላ 150 ዓመት አስፈለገ።

በ1969 ሮበርት ኤድዋርድስ ከባልደረቦቹ ጋር የሰውን ዕንቍላል ከማኅፀን ውጭ ከወንድ ዘር ጋር ማዋሐዱን አስታወቀ። ከዚያ በኋላ ኤድዋርድስ፣ ሐኪሙ ፓትሪክ ስቴፕቶና ዣን ፐርዲ በእንግሊዝ አገር በኦልድሃም ብዙ ዓመት ደከሙ። ፐርዲ በነርስነት የሠለጠነች ስትሆን፣ ፅንሱን በማይክሮስኮፕ እየተከታተለች መከፋፈሉን ትመዘግብ የነበረች እርሷ ናት። ከዚህ ድካም በኋላ ሐምሌ 18 ቀን 1970 ዓ.ም. ሉዊዝ ብራውን ተወለደች። ኤድዋርድስ በ2010 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ ፐርዲ ግን በ1985 በ39 ዓመቷ ዐርፋ ነበር፤ ስሟም በሥራው መታሰቢያ ሰሌዳ ላይ ሳይጻፍ ብዙ ዘመን ቈየ።

ከማኅፀን ውጭ የተጀመረ ፅንስ በሁለተኛው ቀን አራት፣ በሦስተኛው ስምንት ያህል ሕዋሳት ይሆናል። በአምስተኛው ቀን ውስጡ ውኃ የቋጠረ ኳስ ይመስላል፤ ይህም ብላስቶሲስት ይባላል። በአንድ ወገን የተሰበሰቡት ሕዋሳት ሕፃኑን፣ ዙሪያውን የከበቡት ደግሞ የእንግዴ ልጁን ያስገኛሉ። በ1999 ጋርድነርና ስኩልክራፍት ይህን በቍጥርና በፊደል የሚመዝኑበትን ሥርዐት አወጡ። ምዘናው ለይስሙላ የሚደረግ አይደለም። ሐኪሙ ብዙ ፅንስ ቢያስገባ መንታ ወይም ሦስት ልጅ ሊፀነስና የእናቲቱም የሕፃናቱም ሕይወት ሊሠጋ ይችላል፤ አንድ ብቻ እንዲያስገባ ደግሞ ከሁሉ የሚሻለውን መምረጥ አለበት። የተሳሳተ ምርጫ የአንዲትን ሴት ገንዘብ፣ ወራትና ተስፋ ይበላል።

ነገር ግን ያንኑ ፅንስ ሁለት ባለሙያዎች አይተው ሁለት ዐይነት ማርክ ሊሰጡት ይችላሉ። ደግሞም ለማየት ሲባል ፅንሱን ከሞቀ ሣጥኑ ማውጣት ያውከዋል። ስለዚህ በየጥቂት ደቂቃው ፎቶግራፍ የሚያነሣ ካሜራ የተገጠመለት ሣጥን ተሠራ፤ ፅንሱም ሳይነካ እድገቱ እንደ ሲኒማ ይታይ ጀመር። ይሁንና በ2024 በላንሴት የሕክምና መጽሔት የታተመ፣ 1,575 ሴቶች የተካፈሉበት ጥናት፣ ሣጥኑ የሚወለዱትን ሕፃናት ቍጥር እንዳላበዛ ገለጠ።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ኮምፒዩተሩ መጨረሻቸው የታወቀ የብዙ ሺህ ፅንሶች ሥዕል ይሰጠዋል፤ የትኛው ልጅ ሆነ፣ የትኛው ቀረ የሚለውን እያነጻጸረ ምልክቱን ራሱ ይማራል። ከዚያም አዲስ ሥዕል ሲቀርብለት ማርክ ይሰጣል። በ2019 በኒው ዮርክና በአውስትራሊያ የሚገኙ ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ የሠሩትን ሲያሳውቁ የሕክምናው ዓለም በደስታ ተቀበለው።

ደስታው ግን መፈተን ነበረበት። በአውስትራሊያና በአውሮፓ በ14 ክሊኒኮች 1,066 ታካሚዎች በዕጣ ተከፍለው፣ ለግማሾቹ ማሽን፣ ለግማሾቹ ሰው ፅንስ መረጠላቸው። በ2024 ውጤቱ ሲታተም፣ ማሽን ከመረጠላቸው ከመቶ 46.5፣ ሰው ከመረጠላቸው ከመቶ 48.2 አርግዘው ተገኙ። ጥናቱ ማሽኑ ከባለሙያው እንደማያንስ ሊያረጋግጥ አልቻለም። ብልጫው በፍጥነት ነበር፤ ባለሙያው 208 ሴኮንድ ያህል የሚፈጅበትን ሥራ ማሽኑ በ21 ሴኮንድ ያህል ጨርሶታል።

ይህ ወሬ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? በአገራችን የመጀመሪያው የመንግሥት የመካንነት ሕክምና ማእከል በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከአሜሪካው ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሥራ የጀመረው በ2019 ነው። ከዚያ በፊት አቅም ያለው ወደ ውጭ አገር ይሄድ ነበር፤ አቅም የሌለው ዕንባውን ውጦ ይቀመጥ ነበር። ዛሬም የሆሳዕናዪቱ ሴት ሕክምናውን ፈልጋ ወደ ዋና ከተማው ስትጓዝ፣ የመንገዱ፣ የማደሪያውና የመድኀኒቱ ወጪ ይጠብቃታል፤ ያም ሁሉ ተከፍሎ ፅንሱ ላይዝ ይችላል።

ፅንስን አይቶ የሚለይ ባለሙያ በቀላሉ በማይገኝበት አገር፣ በ21 ሴኮንድ የሚያነብ ማሽን ዋጋ እንዳለው አይካድም። ሆኖም ማሽኑ የተማረው በአብዛኛው ከአውሮፓ፣ ከአሜሪካ፣ ከእስያና ከአውስትራሊያ በመጡ ሥዕሎች ነው። የእኛን እናቶች ፅንስ በትክክል ማንበቡ በእኛው ሐኪሞች እጅ ሳይፈተን፣ ገና በሽታውን ያልመረመርንላትን ሴት ለማሽኑ ዋጋ ማስከፈል ተገቢ አይደለም። ደግሞም የማኅፀንን ቱቦ የሚዘጋ ኢንፌክሽን በጊዜው ቢታከም፣ ባልም ከሚስቱ ጋር አብሮ ቢመረመር፣ ብዙዎች እስከዚያ ሣጥን ድረስ መሄድ ባላስፈለጋቸው ነበር። ይህን ደግሞ በእሌኒ ስም የተጠራው ሆስፒታልም፣ በገጠር ያለው ጤና ጣቢያም ሊጀምረው ይችላል።

ከሌወንሁክ እስከ ኮምፒዩተሩ የተዘረጋው ታሪክ የሚያስተምረን፣ እያንዳንዱ አዲስ ዓይን ሲመጣ ተስፋ ይዞ እንደሚመጣና፣ ተስፋው ዕውነት መሆኑ የሚታወቀው በትዕግሥት ሲመዘን ብቻ መሆኑን ነው። ለምርጫው ኀላፊ የሚሆነውም ማሽኑን የሠራውና የሚያሠራው ሰው እንጂ ማሽኑ አይደለም። ከሁሉ የራቀው ዓይን እንኳ የሚያየው ፅንሱን ነው፤ እናቲቱን የምናያት እኛ ነን። ስለዚህ ሐኪሞቻችን አዲሱን ጥበብ በጥንቃቄ እየመረመሩ ይያዙት፤ እኛ ደግሞ ፅንሱ የያዘላትንም ያልያዘላትንም ሴት፣ ዐፄ በእደ ማርያም እሌኒን እንዳከበሩ፣ እናት ብለን ማክበርን እንልመድ።