ሙታንን ፍለጋ በበረዶ ምድር

ውድ የእድራችን አባላት፤ ለእናንተ ስለ ቀብር መጻፍ ለቀባሪ እንደ ማርዳት መሆኑን እናውቃለን። ሆኖም በዓለም ከታወቁት ትልልቅ የጉዞ ታሪኮች አንዱ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እኛ ዘወትር በምንሠራው ሥራ ላይ፣ ይኸውም ወገንን ፈልጎ በክብር በመቅበር ላይ ስለሆነ፣ ለዘንድሮው መጽሔታችን ይህንኑ መረጥን። ቀኖቹን በሙሉ ወደ እኛ አቆጣጠር መልሰናቸዋል።

በሰኔ 1902 ዓ.ም. ሮበርት ስኮት የሚባል የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ቴራ ኖቫ ለተባለችው መርከብ ጉዞ አለቃ ሆኖ ወደ አንታርክቲካ ዘመተ። አንታርክቲካ ማለት በምድር ደቡባዊ ጫፍ ያለ፣ ክረምት ከበጋ በረዶ የለበሰ አገር ነው። ዓላማቸው ሁለት ነበር፤ አንደኛው የሳይንስ ምርምር፣ ሁለተኛው ሰው ረግጦት ወደማያውቀው ደቡብ ዋልታ ቀድሞ መድረስ። ስኮት ከዊልሰን፣ ከባወርስ፣ ከኦትስና ከኤቫንስ ጋር ሆኖ ጥር 8 ቀን 1904 ዓ.ም. ከዋልታው ደረሰ። ምን ያደርጋል! የኖርዌዩ አሙንድሰን ታኅሣሥ 4 ቀን ደርሶ፣ ባንዲራውን ተክሎ ሄዷል።

ሲመለሱ ብርዱ፣ ረሀቡና ድካሙ አንድ ላይ መጣባቸው። ኤቫንስ የካቲት 9 ቀን ሞተ። ኦትስ እግሩን ብርድ በልቶት መራመድ ሲያቅተው፣ ለጓደኞቹ ሸክም አልሆንም ብሎ በመጋቢት መጀመሪያ በውሽንፍር መካከል ከድንኳኑ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ሦስቱ ደግሞ ብዙ ስንቅ ከተከማቸበት ቦታ ለመድረስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራቸው ውሽንፍሩ ያዛቸውና ከድንኳናቸው ሳይወጡ አለቁ። ስኮት በማስታወሻ ደብተሩ የመጨረሻውን ቃል የጻፈው መጋቢት 20 ቀን ነው።

በባሕሩ ዳር ባለው የእንጨት ቤት የቀሩት 13 ሰዎች ይህን ሁሉ አላወቁም። በዚያ አገር ክረምት ሲገባ ፀሐይ አራት ወር ያህል አትወጣምና፣ ጨለማው ውስጥ ተቀምጠው ቆዩ። አለቃቸው ሐኪሙ አትኪንሰን ነበር። ታዲያ እዚህ ላይ ነው ከባዱ ጥያቄ የመጣው። ካምቤል የሚባል መኮንን ከአምስት ሰዎች ጋር በሌላ የባሕር ዳርቻ፣ ለጥቂት ሳምንት የሚሆን ስንቅ ይዞ፣ መርከቧ በበረዶ ምክንያት ልታነሳው ሳትችል ቀርቷል። እነ ካምቤል በሕይወት ይኖሩ ይሆናል። እነ ስኮት ግን እንደሞቱ ጥርጥር የለውም። ሰውም እንስሳም ጥቂት ስለሆነ ሁለቱንም ወገን መፈለግ አይቻልም። የቱ ይቅደም?

አትኪንሰን ሰዎቹን ሰብስቦ አወያየ። ወደ እነ ካምቤል በሚያዝያ ወር ተሞክሮ፣ የባሕሩ በረዶ ስላልጸና መንገድ ጠፍቶ ተመልሰዋል። በጋ ሲሆን ደግሞ መርከቧ ልታነሳቸው ትችላለች። የእነ ስኮት ፍጻሜ ግን አሁን ካልተፈለገ በረዶ ሸፍኖት ለዘላለም ሳይታወቅ ሊቀር ነው። ስለዚህ ወደ ሙታኑ እንሂድ ተባለ።

በጥቅምት 1905 ዓ.ም. 11 ሰዎች፣ ከሕንድ አገር የመጡ 7 በቅሎዎችና ውሾች ይዘው ወጡ። ኅዳር 3 ቀን ራይት የተባለው ከሩቅ የድንኳን ጫፍ አየ። ውስጡ ሲገቡ ዊልሰንና ባወርስ በመኝታ ከረጢታቸው ተጠቅልለው እንደተኛ ሰው ሆነዋል፤ ስኮት በመካከላቸው ነበር። አትኪንሰን ደብተሩን አንብቦ የሆነውን ለሁሉም ነገራቸው። ያ ሁሉ መከራ እያለ ሲጎትቱት የነበረ 16 ኪሎ የሚያህል የምርምር ድንጋይም በጋሪያቸው ላይ ተገኘ። በውስጡ የጥንት ዕፅዋት ቅጠል ነበረበት፤ ያ በረዶ አገር ድሮ ደን እንደነበረው የሚመሰክር ነው።

አስከሬኖቹን አላንቀሳቀሱም። የድንኳኑን ምሰሶዎች አውጥተው ድንኳኑን እንደ መግነዝ አለበሷቸውና ከላይ የበረዶ ቁልል ሠሩ። ግራን የተባለው የኖርዌይ ሰው የራሱን የበረዶ መንሸራተቻ ለመስቀሉ ሰጥቶ፣ የስኮትን አድርጎ ተመለሰ። አትኪንሰን ከቆሮንቶስ መልእክት ለቀብር የሚነበበውን አነበበ፤ ሁሉም የፈረሙበት ወረቀት ተቀመጠ። ኦትስን ፈልገው ያገኙት የመኝታ ከረጢቱን ብቻ ነው። ለእርሱም ቁልል ሠርተው መስቀል ተከሉለት።

ከቀባሪዎቹ አንዱ አፕስሊ ቼሪ ጋራርድ የሚባል ወጣት ነበር። ከዊልሰንና ከባወርስ ጋር በሰኔና በሐምሌ 1903 ዓ.ም. በዚያ የክረምት ጨለማ አምስት ሳምንት ተጉዞ፣ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ በሚደርስ ብርድ ሦስት የፔንግዊን እንቁላል ይዞ የተመለሰ ነው። በአንድ ድንኳን አብሯቸው ያደረውን ወንድሞቹን ቀበረ ማለት ነው። ይባስ ብሎም፣ እነ ስኮት ሊደርሱበት ባልቻሉት የስንቅ ቦታ ላይ ስድስት ቀን ያህል ጠብቋቸው መጋቢት 1 ቀን ተመልሶ ነበር። «ትንሽ ወደፊት ብሄድ ኖሮስ?» የሚለው ሐሳብ ዕድሜውን ሙሉ አልተወውም። ከአሥር ዓመት በኋላ «በዓለም እጅግ የከፋው ጉዞ» የሚል ትልቅ መጽሐፍ ሲያወጣ ይህንንም አልደበቀም። በመዝገብ ሥራ ላይ ያረጀን ሰዎች መጽሐፉን የምናከብረው ለዚህ ነው፤ ያማረውንና የሚያሳፍረውን በአንድ ላይ ጽፏልና።

ምርጫቸውስ ትክክል ነበር? በየእድሩ ስብሰባ «ገንዘቡ ለሞተ ይዋል ወይስ ለታመመ?» የሚለው ክርክር እንግዳ አይደለም። እኛ የምንለው፣ እጅ የሚደርስበት ሕያው ካለ እርሱ ይቅደም ነው። እጅ በማይደርስበት ጊዜ ግን ቁጭ ከማለት የሙታንን ዕዳ መክፈል ይበልጣል። እነ ካምቤል በበረዶ ዋሻ ውስጥ አቆስጣና ፔንግዊን እየበሉ ክረምቱን ከርመው፣ በጥቅምት መጨረሻ ስድስቱም በእግራቸው ቤት ገቡ። እነ አትኪንሰን ይህን የሰሙት ከቀብር ሲመለሱ ነው። ስድስቱ ሞተው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምንጽፈው ሌላ ታሪክ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም።

የኤቫንስና የኦትስ አስከሬን አልተገኘም። ሆኖም በጥር 1905 ዓ.ም. በኮረብታ ላይ በተተከለው ትልቅ የእንጨት መስቀል የአምስቱም ስም እኩል ተቀርጿል። በየሰፈራችን ልጁ በበረሃ ወይም በባሕር ቀርቶበት፣ ሬሳ ሳያይ መርዶ ብቻ የተረዳ ቤተሰብ አለ። እንዲህ ያለ ጎረቤት ሐዘን ሲቀመጥ ሬሳ የለም ብለን ድንኳኑን አናሳንስበት፤ የሟቹንም ስም ከሌሎቹ ጋር በመዝገባችን እናስገባው።