መሳለምና መስማት

 የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ ስለ ባሪያ ንግድ እያስተማርኩ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ አገራችን ከ4ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ክርስትናን ተቀብላለች ብለውን የለ? ታዲያ መጽሐፍ ቅዱስ እያላቸው እንዴት ሰው እንደ ዕቃ ያስቀምጣሉ?» አለኝ። ልጁ ልክ ነው። ክርስቲያን መኳንንትም ባሪያ ነበራቸው። ባርነት በሕግ ሙሉ በሙሉ የተከለከለውም በ1942 እ.ኤ.አ. ነው። «ዘመኑ እንደዚያ ነበር» ብዬ ልመልስ ስል ደወሉ ተደወለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደወሉ ነው ያዳነኝ።

ቤት ገብቼ ሳብሰለስለው ጥያቄው ወደ ሌላ ጥያቄ ወሰደኝ። ለመሆኑ ይሄ መጽሐፍ ለክርስቲያን የተሰጠው ለምንድን ነው? ሰባኪ አይደለሁም፣ የታሪክ መምህር ነኝ። ስለዚህ በማውቀው በታሪኩ በኩል ልሞክረው። (ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ፣ አባቶቻችን መጽሐፉን ይወዱት ነበር። ይሄ አይካድም። ዓድዋ አጠገብ ባለው በአባ ገሪማ ገዳም በግእዝ በብራና የተጻፉ ወንጌሎች አሉ። በሳይንሳዊ ምርመራ ዕድሜያቸው ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ይገመታል። በዓለም ላይ ካሉ በሥዕል ካጌጡ የወንጌል መጻሕፍት ሁሉ ከጥንታውያኑ የሚመደቡ ናቸው። የገዳሙ ትውፊት አባ ገሪማ ወንጌሉን በአንድ ቀን ጽፎ እስኪጨርስ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቆማ ጠበቀችው ይላል። እስቲ አስቡት፤ ለአንድ መጽሐፍ ብዙ ፍየል ይታረዳል፣ ቆዳው ይፋቃል፣ ቀለሙ ይበጠበጣል፣ ጸሐፊው ጎንበስ ብሎ ወራት ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ጦርነት ሲመጣ፣ እሳት ሲነሣ፣ መነኮሳቱ ይዘውት ይሸሻሉ። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ሰው ቢሳለመው ምን ይገርማል?

ግን ቋንቋው ግእዝ ነው። ከጊዜ በኋላ ሕዝቡ በቤቱ የሚነጋገረው በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሌላም ሆነ። ሕፃኑ ዳዊት ይደግማል፣ ሲጨርስ ወላጆቹ ደግሰው ያበላሉ፤ የደገመውን ግን ላይረዳው ይችላል። ሊቃውንቱ ይሄን ያውቁ ነበር። ለዚህ ነው መጽሐፍ ቤት ተቀምጠው የግእዙን ንባብ በአማርኛ ሲተረጉሙ የኖሩት። አንድ ትርጉም ሰጥተው «አንድም» ብለው ሌላ ይጨምራሉ፤ አንድምታ የሚለው ስም የመጣውም ከዚያ ነው። መጽሐፉ ሲነበብ ድምፁ ብቻ ሳይሆን ምሥጢሩም መድረስ አለበት ብለው ያምኑ ነበር ማለት ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ስላለው ስለ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሁላችንም ሰምተናል። ሰውየው ኢሳይያስን እያነበበ ነበር፤ ፊልጶስ ግን የጠየቀው የሚያነበው ይገባው እንደሆነ ነው። አገራችንን አነሣ ብለን የምንኮራበት ታሪክ መነሻው ይሄው ጥያቄ ነው።

ችግሩ መጽሐፍ ቤት ደርሶ አንድምታ የሚማረው ጥቂቱ መሆኑ ነው። ገበሬው፣ ሸማኔው፣ እንጨት ለቃሚዋስ?

እዚህ ላይ አቡ ሩሚ የሚባል ሰው ይመጣል። አንዳንዶች አባ አብርሃም ይሉታል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተወለደ ኢትዮጵያዊ ነው። ኢየሩሳሌምን፣ ፋርስንና ሕንድን ዞሮ በመጨረሻ ካይሮ ላይ ታመመ። እዚያ የነበረ አስሊን ደ ሸርቪል የሚባል የፈረንሳይ ቆንስላ ሹም አሳከመውና ተረፈ። ከዚያ ሁለቱ ተቀመጡ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ለእንግዳ በር ዘግተው ወደ 10 ዓመት ገደማ ሠሩ። ሲጨርሱ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ ተተርጉሞ፣ ከ9 ሺህ ገጽ በላይ የእጅ ጽሑፍ ሆኗል። አቡ ሩሚ ብዙም ሳይቆይ እዚያው ካይሮ በወረርሽኝ ሞተ። የእጅ ጽሑፉን ዊልያም ጆዌት የሚባል እንግሊዛዊ ሚስዮናዊ በ1820 ለእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው። ወንጌሎቹ በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው በ1840 ታተሙ። ሰውየው የሥራውን አንድ የታተመ ገጽ እንኳ ሳያይ ነው የሞተው። ብዙዎቻችን ቤት ያለው የ1954 ዓ.ም. ትርጉም ከዚያ ብዙ ዘግይቶ የመጣ ነው፤ በአማርኛ ሙሉውን የማንበቡ መንገድ ግን የተጀመረው በዚያ በተዘጋ በር ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ልመለስ። ለሱ የሚስማማው መልስ ያለው ሌላ ሰው ታሪክ ውስጥ ነው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ አንድ ልጅ ተወለደ። ወላጆቹ ሂካ አሉት። በኦሮምኛ የሚፈታ፣ የሚተረጉም ማለት ነው። ገና ሕፃን ሳለ ተሰርቆ ተሸጠ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ። እዚያ በ1870 ነጻ ወጣና የስዊድን ሚስዮናውያን ትምህርት ቤት ገባ። ሲጠመቅ ኦኔሲሞስ ተባለ። ይሄ ስም ዝም ብሎ የተሰጠ አይመስለኝም። በአዲስ ኪዳን አናሲሞስ የፊልሞና ባሪያ ነው። ጳውሎስ ወደ ጌታው መልሶ ሲልከው፣ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ወንድም ተቀበለው ብሎ ይለምንለታል። የስሙ ትርጉም «ጠቃሚ» ነው።

ኦኔሲሞስ ነሲብ በነጻነቱ ምን ሠራ? መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጎመ። ያገዘችው አስቴር ጋኖ የምትባል፣ እሷም ከባርነት ነጻ የወጣች ወጣት ነበረች። ኦኔሲሞስ በልጅነቱ ከቋንቋው ተነጥቆ ስለነበር ቃል ያጥረዋል፤ እሷ ግን ብዙ ቃላት ታውቅ ነበር፣ ተረቱንና ዘፈኑንም ጭምር። ቃላቱን እየሰበሰበች ሰጠችው። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው በ1899 በግእዝ ፊደል ታተመ። በኋላ ሁለቱም ወደ ወለጋ ሄደው አስተማሩ። የሱን ስም ብዙ ሰው ያውቃል፣ የሷን ግን ጥቂት ነው፤ እናንተ ግን ያዙልኝ።

እንግዲህ አንድ አገር ውስጥ፣ በአንድ ዘመን፣ አንዱ መጽሐፉን ተሳልሞ ባሪያውን ያዝ ነበር። ሌላው ያንኑ መጽሐፍ አንብቦ፣ የባሪያውን የአናሲሞስን ስም ተሸክሞ፣ ወንድም መባልን ለሕዝቡ በራሱ ቋንቋ ይዞ ሄደ። መጽሐፉ አንድ ነው። የተለያየው ሰሚው ነው። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የመጻሕፍትን ጥቅም የነገረው በሥራቸው ነው፤ ያስተምራሉ፣ ስሕተትን ይነግራሉ፣ የጎበጠን ያቀናሉ፣ ሰውን ለመልካም ሥራ ያሰናዳሉ። ስሕተቱን ያልነገረው ሰው መጽሐፉን ይዞታል እንጂ ገና አልሰማውም።

ይሄን የተማርኩት ከታሪክ መጽሐፍ ብቻ አይደለም። አያቴ ማንበብ አትችልም ነበር። በጨርቅ የተጠቀለለች አንዲት ዳዊት ነበረቻት፤ ሲያመኝ ራስጌዬ ታስቀምጥልኛለች፣ ጧት ጧት ተሳልማ ነው የምትወጣው። 6ኛ ክፍል ሆኜ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተውሼ መጣሁ። «እስቲ አንብብልኝ» አለችኝ። ማቴዎስ ምዕራፍ 5 ላይ ስደርስ፣ መባ ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ የተቀየመው ነገር እንዳለ ትዝ ካለው መባውን ትቶ አስቀድሞ ይታረቅ የሚለውን አነበብኩላት። ዝም አለች። «ድገመው» አለች። ደገምኩት። እሷና ጎረቤታችን በድንበር ተጣልተው 3 ዓመት ሰላም አይባባሉም ነበር።

በነጋታው እሁድ ነበር። ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። መንገዱ ግን ወደ ቤተ ክርስቲያን አልነበረም፤ ወደ ጎረቤታችን ግቢ ነበር። ቅዳሴው ላይ ሁለቱም አብረው፣ አርፍደው ደረሱ።

ከዚያም በኋላ ዳዊቷን መሳለሟን አልተወችም። መተውም አልነበረባትም። የምንወደውን እንሳለማለን። ግን ያን ቀን መጽሐፉ ከራስጌ ወርዶ ሥራውን ሠራ።

ዛሬ ሁላችንም ስልካችን ላይ መጽሐፍ ቅዱስ አለን። አቡ ሩሚ 10 ዓመት የፈጀበት፣ አስቴር ቃል በቃል የለቀመችለት ነገር ኪሳችን ውስጥ ነው። ጥቅስ ቆርጠን ለሰው መልስ መስጠት፣ በሃይማኖት ክርክር መሸናነፍም እናውቅበታለን። እኔም አደርገዋለሁ፣ አልዋሽም። ራሴን ግን መጨረሻ የገሠጸኝ መቼ ነበር ስል ቶሎ ትዝ አይለኝም።

ለተማሪዬ ሰኞ የምሰጠው መልስ ይሄ ነው፦ ልጄ፣ ይዘውት ነበር፣ ይሳለሙትም ነበር፤ በዚህ ነገር ላይ ግን አልሰሙትም። ቀጥዬም አንድ ነገር እጨምርለታለሁ፦ እኛስ ዛሬ ምን እያደረግን ነው ያልሰማነው? የዛሬ 100 ዓመት አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ ስለኛ ምን ይጠይቅ ይሆን?

እናንተስ? አንብባችሁት ወይ ሲነበብ ሰምታችሁት፣ ተነሥታችሁ የሆነ ሰው ቤት እንድትሄዱ ያደረጋችሁ ክፍል ካለ ከታች ጻፉልኝ። ክርክር ሳይሆን ታሪካችሁን።

ቸር እንሰንብት።